ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት
የአንባብያን ጥያቄና የመካኒኩ መልስ፣ ከአዳማ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ ትንንሽና አሮጌ ትራክተሮች ናቸው። ዝናቡ ሲቃረብ ሁሌም እንዲህ ነው፤ በጋውን ሙሉ ዛፍ ሥር የቆመው ትራክተር ግንቦት ላይ ይታወሳል፣ ባለቤቱም ብዕር ያነሳል። ማብራሪያ የሚሻውን አርዝሜ መልሻለሁ፤ አንድ መስመር የሚበቃውን ደግሞ በአንድ መስመር።

«ጋሼ፣ ከአጎቴ የገዛሁት ማሴ ፈርጉሰን 135 አለኝ። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረስኩ በኋላ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ትንሽ አሳርፌ ስቀሰቅሰው ምንም እንዳልነበረ ይነሳና እንደገና ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይቆማል። አንድ ጋራዥ ‹ፖምፓው አልቋል፣ ይፈታ› ብለውኛል። የጠየቁኝ ገንዘብ የሁለት በሬ ዋጋ ነው። ምን ይሻለኛል?»
የሽንኩርት ገበሬ፣ መቂ

ፖምፓውን እንዳታስፈታ። የተነገረህን አላምነውም፣ ምክንያቱንም ልንገርህ። በ135 ላይ የተገጠመው የሲኤቪ ፖምፓ፣ ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ማለቴ ነው፣ ሲያልቅ የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት በብርዱ ይነሳል፤ ሞተሩ ከጋለ በኋላ አጥፍተህ ልታስነሳው ስትል ግን አሻፈረኝ ይላል። ናፍጣ ሲግል ይቀጥናል፣ የቀጠነው ናፍጣ ባረጀው ፖምፓ ውስጥ ያፈተልካል፣ ሞተሪኖው በሚያዞረው ዝግተኛ ዙር ደግሞ በቂ ግፊት አይፈጠርም። ያንተው ተቃራኒ ነው፤ እየሠራ ይሞታል፣ እንደጋለ ይነሳል። ይህ ናፍጣ ማጠር ነው። ፖምፓው አልጠገበም እንጂ አላለቀም።

ከሁሉ በፊት የታንከሩን ክዳን እይ። ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች። ናፍጣ በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር ካልገባ ታንከሩ ውስጥ መምጠጥ ይፈጠራል፣ ናፍጣውም መውረድ ያቆማል። ትንሽ ስታሳርፈው አየሩ ቀስ ብሎ ሾልኮ ይገባና እንደገና ይነሳልሃል። መቂና ባቱ አካባቢ ያየኋቸው ስንት ትራክተሮች የመጀመሪያው ክዳናቸው ጠፍቶ በፌስታልና በላስቲክ ተጠፍረው ነው የሚሄዱት! ባለቤቱ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ነው፤ ግን ትራክተሩን አንቆታል። መሞከሪያው ነጻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ድምፁ መውረድ ሲጀምር ሳይጠፋ ክዳኑን ክፈት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ነገሩ አለቀ፤ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጥረግ፣ ወይም ደህና ክዳን ግዛ።

ክዳኑ ካልሆነ ወደ ታች ውረድ። ወደ ትንሿ የናፍጣ መሳቢያ የሚገባውን ቱቦ ፍታና ጀሪካን ውስጥ ልቀቀው። ቧንቧው ተከፍቶ ወፍራም፣ የማይቆራረጥ ጅረት መውረድ አለበት። መጀመሪያ በደንብ ወርዶ ትንሽ ቆይቶ ወደ ጠብታ ከተለወጠ ታንከሩ ሥር ዝገትና ዝቃጭ አለ። ሞተሩ ሲስብ ቆሻሻው መውጫው ላይ ይከመራል፣ ሲቆም ተመልሶ ይንሳፈፋል። የግማሽ ሰዓቱን ጨዋታ ይህም ሊያመጣው ይችላል። ክዳኑን ከፍተህ በጎማ መንፊያ ከታች ወደ ላይ ብትነፋው ለጊዜው ይለቅልሃል፤ መድኃኒቱ ግን ታንከሩን አውርዶ ማጠብ ነው።

ከዚያ ፊልትሮው። መቼ እንደተቀየረ ካላስታወስክ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። የሲኤቪ ፊልትሮ ከላይ ባለው ጭንቅላትና ከታች ባለው ኩባያ መካከል ተጣብቆ በአንድ ረጅም ብሎን የሚታሰር ነው። አዲሱ ሲገዛ የጎማ ቀለበቶቹ አብረውት ይመጣሉ። አሮጌዎቹን መልሰህ እንዳትጠቀም፤ የደረቀ ቀለበት ናፍጣ ባያፈስም አየር ያስገባል፣ ናፍጣ ሞተር ደግሞ አየር ጠላቱ ነው።

ፊልትሮ ስትቀይር አየር ስለሚገባ ማስተንፈስ ግድ ነው፤ ብዙ ሰው ሞተሪኖውን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ሳያስተነፍስ ቁልፍ እያዞረ ነው። መሳቢያዋ ጎን ያለችውን የእጅ ማንሻ ወደ ላይና ወደ ታች አድርግ። ማንሻዋ ልፍስፍስ ካለችና ክብደት ካጣህባት አልተበላሸችም፤ የሞተሩ ካም ከፍታው ላይ ቆሞባት ነው። ሞተሩን ትንሽ አዙረህ እንደገና ሞክር። በቅድሚያ ፊልትሮው ጭንቅላት ላይ ያለችውን ብሎን አላላ፣ አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲወጣ እሰር። ቀጥሎ ፖምፓው ላይ ያሉትን ሁለቱን የማስተንፈሻ ብሎኖች፣ የታችኛውን አስቀድመህ፣ የላይኛውን አስከትለህ በተመሳሳይ መንገድ አስተንፍስ። መጨረሻ ላይ ኖዝሎቹ (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት) ጋ ያሉትን የቱቦ ዳዶዎች ግማሽ ዙር አላላ፣ ጋዙን ሙሉ ስጥ፣ ማጥፊያውን ወደ መሥሪያው ቦታ መልስ፣ ሞተሪኖውን አዙር። ናፍጣ ሲረጭ ዳዶዎቹን እሰር።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ ከኖዝል ቱቦ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ሰርስሮ ሥጋ ውስጥ ይገባል። በእጅህ አትዳስሰው፣ ፍሳሽ ስትፈልግ ካርቶን አስጠጋ። ድንገት ከመታህ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም፣ ባያምህም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂድና «ናፍጣ በግፊት ገብቶብኛል» በል። «ነገ ይሻለኛል» ያለ ሰው ጣቱን፣ አንዳንዴም እጁን ያጣል።

ስለ ናፍጣው ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። ነዳጅ ሲጠፋ ሁላችንም በርሜል ውስጥ እናስቀምጣለን፣ አልፈርድም። ግን በርሜሉን ካንቀሳቀስከው ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳይነካ ይደር፤ ውሃውና ዝቃጩ ይውረድ። ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ትተህ ከላይ ቅዳ። የዚህ ፖምፓ ቅባቱ ራሱ ናፍጣው ነው፣ ሌላ ዘይት የለውም። ውሃ የገባበት ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፖምፓውን ያለ ቅባት ነው የሚያሠራው። ያኔ ጋራዡ የነገረህ እውነት ይሆናል።

«ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ትራክተሯን የማሠራት እኔና ልጄ ነን። አየር ማጣሪያው ሥር ዘይት የሚጨመርበት ጎድጓዳ ዕቃ አለ። ልጄ ‹ብዙ ዘይት ብዙ አቧራ ይይዛል› እያለ እስከ አፉ ይሞላዋል። ትክክል ነው? ሌላው፣ እዚህ ደህና የምትሠራው ትራክተር አሰላ አካባቢ ኪራይ ስትሄድ ጥቁር ጭስ ታጨሳለች፣ ጉልበትም ያንሳታል። ልጄ ናፍጣ ይጨመርላት ይላል።»
እናት፣ ዴራ

እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ልጅሽ ታታሪ መሆኑ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል፤ በሁለቱም ነገር ግን ተሳስቷል። የመጀመሪያው አደገኛ ስለሆነ ዛሬውኑ ይታረም።

ጎድጓዳው ላይ መስመር ወይም ቀስት አለ። ዘይቱ እዚያ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን ከአየሩ ጋር ይስበዋል። ናፍጣ ሞተር ዘይትንም እንደ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ዙሩ በራሱ ይጨምራል፣ ማጥፊያውን ብትስቢ አይሰማም፣ ማጥፊያው የሚዘጋው ናፍጣውን ብቻ ነውና። እንዲህ ያበደ ሞተር የሚቆመው አየር ሲከለከል ነው። የአየር መሳቢያውን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ መድፈን ነው፤ በእጅ ወይም በጨርቅ አይሆንም፣ ይስበዋል። ያ ካልተቻለ በትልቁ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ጥርቅም አድርጎ ረግጦ፣ ፍሪሲዮኑን ድንገት መልቀቅ። ፊት ለፊቱ ሰው መኖር የለበትም።

አቧራውን የሚይዘው የዘይቱ ብዛት ሳይሆን ንጽሕናው ነው። አዳማ ዙሪያ ያለውን ነፋስ መቼም ታውቂዋለሽ፤ ኮረብታዎቻችን ላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም። በደረቅ ወቅት ሲታረስ ጎድጓዳው በየማታው ይውረድ። ሥሩ ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር ከተጋገረ ይደፋ፣ በናፍጣ ይታጠብ፣ ሞተር ውስጥ የሚገባው ዓይነት ዘይት እስከ መስመሩ ይጨመር። በክረምት ሲረጥብ በሳምንት አንዴም ይበቃል። ከላይ ያለውን የሽቦ መረብ ደግሞ በዓመት አንዴ አውርዶ በናፍጣ ማጠብ ነው። ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ቱቦም ያላላና ጣቱን ውስጡ ያሻሽ። ጣቱ አቧራ ይዞ ከወጣ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ማሰሪያው ላልቷል፣ ያንን ሁሉ አቧራ ሞተሩ ሳይጣራ እየዋጠው ነው። ትንሽ ዋጋ ያለው ቱቦ ችላ ተብሎ የፒስተን ፋሻውም ሲሊንደሩም ተበልቶ ያበቃል።

ወደ አሰላው ጭስ ልምጣ። ትራክተርሽ ምንም አልሆነችም። አዳማና ዴራ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፣ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከ100 3 እጅ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ባሕር ጠለል ላይ 45 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አሰላ ላይ 34 ገደማ ቢቀረው ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ አየር ያላገኘ ናፍጣ ነው። ታዲያ አየር ባነሰበት ናፍጣ መጨመር ጭሱን ያባብሰዋል፣ ፒስተኑን ያግላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ፖምፓው ላይ ያለችውን የታሸገች ብሎን ማንም እንዳይነካት። አሰላ ስትሄድ በአንድ ማርሽ ዝቅ ብላ ታርስ፣ ወይም ማረሻው ጥልቀት ይቀነስለት። የኪራዩ ዋጋም በዚያው ልክ ይታሰብ።

«የማሴ ፈርጉሰኑ ብሎኖች ጭንቅላት በሙሉ እየተላጠ አስቸገረኝ። 13 ቁልፍ ይገባል ግን ያንሸራትታል፣ 12 አይገባም። ብሎኑ ነው ወይስ ቁልፉ የረከሰው?»
ወጣት መካኒክ፣ ሞጆ

ሁለቱም አይደሉም። ማሴው የእንግሊዝ ልጅ ነው፣ ብሎኑ በኢንች ነው። የግማሽ ኢንች ብሎን 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 13 ቁልፍ ላዩ ላይ ይዋልላል። 9/16 ደግሞ 14.3 ስለሆነ 14 አይገባም፣ 15 ይላጣል። 3/4 ግን ከ19 ቁልፍ ጋር ይስማማል። አዳማ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ቤላሩስ ትራክተር የተገጣጠመባት ከተማ ናትና አብዛኛው የኛ አካባቢ ዕቃ ሳጥን የሚሊሜትር ነው። አንድ ደህና የኢንች ቁልፍ ስብስብ ግዛ። ጥርሱም የተለየ ስለሆነ የሚሊሜትር ብሎን በግድ እያስገባህ ቀዳዳውን እንዳታበላሽ። ኩቦታና ያንማር ከሆኑ ግን ሁሉም በሚሊሜትር ነው፣ አታስብ።

«የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ፈርጉሰን ትራክተሬ ማረሻውን አንስቶ ሲሄድ ክንዶቹ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ማረሻው ወዲያው መሬት ይወርዳል። የካምቢዮው ዘይትም ወተት መስሏል። ሦስቱም አንድ በሽታ ነው ወይስ የተለያየ?»
አርሶ አደር፣ ኢተያ

ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መመለስ ደስ ይላል። ያዩትን በቅደም ተከተል ጽፈውልኛል፣ ሥራው ግማሽ አልቋል።

የፈርጉሰን ማንሻ ፖምፓ ካምቢዮው ውስጥ፣ እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ነው። ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሻሉም፣ ማንሻውም በአንድ ዘይት ነው የሚኖሩት፤ በ135 ላይ ወደ 30 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ ወተት የመሰለው ዘይት ሦስቱንም ይመለከታል። ወተቱ ውሃ ነው። ውሃው የገባው አብዛኛውን ጊዜ ከማርሽ እጀታው ሥር ካለው ጎማ ነው፤ ያ ጎማ ከተሰነጠቀና ትራክተሩ ክረምቱን ሜዳ ላይ ካሳለፈ ዝናቡ በቀጥታ ይወርድበታል። መጀመሪያ ጎማውን ይቀይሩ፣ ካልተገኘ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጠው ያስሩበት። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ 30 ሊትር ዘይት መቀየር ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ዘይቱን ሲያወርዱ ትራክተሩ ቆሞ ካደረ በኋላ ይሁን። የታችኛውን ብሎን ቀስ ብለው ሲያላሉ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ሊወርድ ይችላል። ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ የነጣው ግን ቢያድርም አይለይም፣ እሱ ሙሉ በሙሉ ይወገድ። ከዚያ ርካሽ ዘይት ጨምረው ያለ ጭነት ትንሽ ያንቀሳቅሱት፣ ማንሻውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፣ እንደገና ያውርዱ፣ በመጨረሻ ደህናውን ይሙሉ። ብሎኑ ላይ የብረት ዱቄት ቢያዩ አይደንግጡ፤ በጣት የሚለቀም ስባሪ ካዩ ግን ይደንግጡ፣ ማርሽ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል።

ከፍ ዝቅ ማለቱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። የማንሻው ሲሊንደር ውስጥ ያለው የፒስተን ቀለበት ሲያልቅ ዘይት ያሾልካል። ክንዱ ሲወርድ መቆጣጠሪያው ያስተውልና ፖምፓውን «ጨምር» ይለዋል፣ ያነሳዋል፤ እንደገና ያሾልካል። ሞተሩ ሲጠፋ የሚጨምርለት ስለሌለ ማረሻው ይወድቃል። እርግጥ ማንኛውም አሮጌ ፈርጉሰን ቆሞ ሲያድር ማረሻውን ቀስ ብሎ ማውረዱ የተለመደ ነው፤ «ወዲያው» ብለው ስለጻፉ ነው ቀለበቱን የጠረጠርኩት። ለማረጋገጥ ከመቀመጫው ሥር ያለው ክዳን መነሳት አለበት። ክዳኑ ከባድ ነው፣ ሲሊንደሩም አብሮት ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ሁለት ሰውና ጠንካራ ሰንሰለት ይጠይቃል፣ ግን የቤት ሥራ ነው። ዘይቱን ለመቀየር ካወረዱ አይቀር በዚያው ቀን ቢሠሩት ይመረጣል። ማረሻው በምንም መንገድ ተነስቶ እያለ ሥሩ አይግቡ፤ መሬት ላይ ያሳርፉት።

የቫልቮላውን ክፍተት ስንት እንደሚያደርግ ለጠየቀኝ የአርሲ ነገሌ ወጣት፦ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ሞተር ሲቀዘቅዝ 0.30 ሚሊሜትር፣ ለመግቢያውም ለመውጫውም። የምትለካው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮላዎች የተዘጉ መሆናቸውን አረጋግጥ።

«ጋሼ፣ የ135 ትራክተራችን ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። ጋራዥ የለኝም፣ ግቢያችን ግን ሰፊ ነው። ትራክተሩን እዚሁ ለሁለት መክፈል እችላለሁ?»
የቴክኒክ ተማሪ፣ አዳማ

ትችላለህ፣ ልጄ፤ ፍሪሲዮኑ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ስለሆነ እሱ ጋ የሚደረሰው ሁለቱን በመለያየት ነው። ግን ሳትከፍለው መጀመሪያ ፔዳሉን እይ። ፔዳሉ ሲረገጥ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ ጉዞ ከሌለው ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በግማሽ ተረግጦ ነው የሚሠራው፣ ማንሸራተቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። እሱን ማስተካከል የአንድ ዳዶና የአንድ ዘንግ ሥራ ነው። የሚያርስ ሰው እግሩን ፔዳል ላይ አሳርፎ እንደሆነም ጠይቅ።

የግድ መከፈል ካለበት ቦታው ደረቅና ደልዳላ፣ ቢቻል ሲሚንቶ ይሁን። የኛ ከተማ አሸዋማ መሬት ላይ ክሪክ ይሰምጣል፤ ወፍራም ጣውላ አንጥፍ። አሁን የምነግርህን ብዙዎች ይዘሉታል፦ የፊት አክስሉ መሃል ላይ በአንድ ፒን ነው የተንጠለጠለው፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ትራክተሩ አንድ ሆኖ ሳለ የኋላው ጎማ ይይዘዋል። ከተከፈለ በኋላ ግን ሞተሩ በዚያ ፒን ላይ ዞሮ ሊገለበጥ ይችላል፣ በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር ብረት ነው። ስለዚህ አንድም ብሎን ሳይፈታ ከአክስሉ በላይ በሁለቱም በኩል ከደረቅ እንጨት የተጠረበ ሽብልቅ አጥብቀህ ምታ። የኋላውን ጎማ በድንጋይ ሳይሆን በጣውላ ያዝ፣ ከካምቢዮው ሥር ጠንካራ ድጋፍ አቁም። ብሎኬት አትጠቀም፣ ድንገት ይፈረካከሳል። ሞተሩን ተንከባላይ ክሪክ ላይ አሳርፍ፤ ወደፊት የሚሄደው እሱ ነው።

ባትሪውን ንቀል፣ ሽቦዎቹን ምልክት እያደረግህ ፍታ፣ የመሪውን ዘንጎች፣ የጋዝና የማጥፊያ ዘንጎችን፣ የዙር መቁጠሪያውን ገመድ አላቅ። ዙሪያውን ያሉት ብሎኖች ርዝመታቸው ስለሚለያይ ካርቶን ላይ የትራክተሩን ቅርጽ ሥለህ እያንዳንዱን በቦታው ሰካው። ብሎኖቹ ወጥተው አልለያይ ካለ አንድ የረሳኸው አለ፤ በካቻቢቴ አትፈልቅቀው፣ ፈልገው።

ከከፈትከው አይቀር ሸራውን (የፍሪሲዮኑን ዲስክ) ብቻ ቀይረህ አትዝጋ። የመጫኛው ኩሽኔታ፣ ፍላይዊሉ (ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) መሃል ያለው ትንሽ ኩሽኔታና የሞተሩ የኋላ ዘይት ማቆሚያ ይታዩ። ሸራው በዘይት ከራሰ ጥፋቱ የማቆሚያው ነው፣ አዲሱንም ሸራ ያበላሸዋል። የ135 ፍሪሲዮን ብዙውን ጊዜ ድርብ ነው፤ ፔዳሉ ግማሽ ሲወርድ ጉዞውን፣ ሙሉ ሲወርድ ፒቲኦውን (ከኋላ ሌላ መሣሪያ የሚያዞረውን ዘንግ) ይለቃል። የድርቡን ከፍታ ማስተካከል መለኪያ ይፈልጋልና ፍሪሲዮኑን አውርደህ አንድ ልምድ ያለው ሰው ጋ ውሰደው። በቤት የምትሠራው መክፈልና መግጠም ነው፤ ያ ራሱ የወጪውን ትልቅ ክፍል ይቆርጣል። አንድ ሰው አጠገብህ ይኑር፣ ሕፃናት ግቢው ውስጥ አይኑሩ።

«ሐይቁ አጠገብ ነኝ። ትንሿ ኩቦታዬ ቆማ ከከረመች በኋላ ሞተሪኖው ‹ጭ› ብሎ ዝም ይላል። አዲስ ባትሪ ገዝቼም ያው ነው።»
የችግኝ ጣቢያ ባለቤት፣ ሐዋሳ

አዲስ ባትሪ ገዝተሽም ያው ከሆነ ከባትሪው ውጪ ፈልጊ። የሐዋሳ እርጥበት የሽቦ ጫፎችን አረንጓዴ ያደርጋቸዋል። የባትሪውን ሁለት ጫፎች፣ ሞተሪኖው ላይ ያለውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከባትሪ ወደ ትራክተሩ አካል የሚሄደውን ሽቦ ፈትተሽ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈትጊ፣ እሰሪ፣ ላዩን ግራሶ ቀቢ። መለኪያ ካለሽ ሞተሪኖው ሲሞክር ባትሪው ላይ ያለውን ቮልቴጅ እዪ፤ ከ10 በላይ ሆኖ ሞተሪኖው ካልዞረ ችግሩ መንገዱ ላይ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ላይ ነው። ዞሮ ሞተሩ ግን ካልተነሳ ካንዴሌታውን (ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀውን) በቂ ሰከንድ አግዪው፤ ኩቦታ ያለ እሱ በጠዋት አይነሳም።

«ወንድሜ አይሱዙ አለው። ባለፈው ክረምት ጭቃ ውስጥ ገብቶ በኔ ትራክተር ልንጎትተው ስንል የፊት ጎማዬ ተነስቶ ሰማይ አየሁ። ሰንሰለቱን ከላይ፣ የማረሻው የላይኛ ዘንግ የሚታሰርበት ላይ ነበር ያሰርነው። ከባድ ብረት ፊት ላይ ብጨምርበት ይሆናል?»
የሸንኮራ አገዳ አብቃይ፣ ወንጂ

አይሆንም፣ ወንድሜ፤ እግዜር አትርፎሃል። ሰንሰለቱ ከኋላ አክስሉ በላይ ሲታሰር ጎማው መሬት ላይ ተቸክሎ ትራክተሩ በራሱ አክስል ዙሪያ ወደ ኋላ ይሽከረከራል። ከተነሳበት እስከሚገለበጥበት ያለው ጊዜ እግርህን ወደ ፍሪሲዮን ለማድረስ አይበቃም። እነዚህ አሮጌ ትራክተሮች ደግሞ የመገልበጫ መከላከያ ቅስት የላቸውም፣ የሚደፉት ሹፌሩ ላይ ነው። ፊት ላይ የሚጨመር ክብደት ለማረሻ ይረዳል፣ ለዚህ ስህተት ግን መድኃኒት አይደለም።

ሰንሰለት የሚታሰረው ከታች ባለው መጎተቻ ላይ ብቻ ነው፣ ከአክስሉ በታች። በትንሹ ማርሽ፣ ሰንሰለቱን ቀስ ብለህ ወጥር፤ ተንደርድረህ አትንጠቅ። የተበጠሰ ሰንሰለት ወይም ገመድ ሰው ይቆርጣልና ተመልካቹን ሁሉ አርቅ። ስትሠራ ደግሞ ጋቢህን አውልቅ፤ ይህንን ፒቲኦ ለሚያዞር ሁሉ እላለሁ። በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ዘንግ የጋቢ ጫፍ ካገኘ ባለቤቱን አብሮ ይጠቀልላል፣ ስለዚህ የዘንጉ መሸፈኛ ፕላስቲክ ከተሰበረ ሳይተካ ሥራ አይጀመር።

ያ ሁሉ ተደርጎ የፊት ጎማው አሁንም ከተነሳ፣ አይሱዙው ለትራክተርህ ከብዷል። ጭነቱ ይውረድ፣ ጎማዎቹ ሥር ይቆፈር፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ይነጠፍ። ካልሆነ ወንድምህ ትልቅ ጎታች መኪና ይከራይ፣ ኪራዩንም ራሱ ይክፈል።